ዓሣዎቼ እያለቁብኝ ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ ዓሣ ሳሳድግ የመጀመሪያዬ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት 40 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዛሁና የዚያኑ ቀን በቧንቧ ውሃ ሞልቼ አምስት ጉፒና ሁለት ጎልድፊሽ ጨመርኩበት። ሻጩ «ምንም አይሆኑም» አለኝ፣ እኔ ሞኙ አመንኩት።

በአራተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ዓሣዎቹ ላይ ላይ እየወጡ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ሦስት ጉፒ ሞተብኝ፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት ቆጥራቸው ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ ምን ልበላት?

ደንግጬ ውሃውን በሙሉ ቀየርኩ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። በኋላ ሳነብ ለካ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን፣ ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ እንደገና እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃሉ።

አሁን ጥያቄዬ፦ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ፈልጌ አጣሁ፣ ውሃውን በባልዲ ለ24 ሰዓት ክፍቱን ባሳድረው ይበቃል? በየቀኑ ሩቡን ብቻ ልቀይር ወይስ ልተወው? ጎልድፊሾቹ ብዙ ያቆሽሻሉ ይባላል፣ ለሰው ልስጣቸው? መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆምስ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ትናንት ማታ በማንኪያ ውሃውን ሳማስል ነው ያመሸሁት።