ወንድሜ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዟል፤ ምን ላድርግለት?

እባካችሁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ጠጥቶ ሲነዳ ትራፊክ ፖሊስ ያዘው። ትንፋሹን ሲለኩት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ዋስ ሆኜ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዱ ግን ተይዟል።

እሱ «ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት፣ ደግሞ ቡና ጠጥቼበት ነበር እኮ» ይላል። ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ ስካር አያበርድም። አልኮሉን የሚያጠፋው ጉበት ነው፣ እሱም በራሱ ጊዜ። ይህን ብነግረው አኮረፈኝ።

ትናንት መኪናውን ላጸዳ ስገባ ከሾፌሩ ወንበር ስር ባዶ ጠርሙስ አገኘሁ። አንድ አይደለም፣ ሦስት። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በቀን አስር ጊዜ ይጠይቀኛል። እናታችን ደግሞ «ስጠውና ገላግለኝ» ትላለች።

ፍርድ ቤት የሚቀርበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጠበቃ ልያዝለት ወይስ የራሱን ጣጣ ራሱ ይወጣው? ከቀጠሮው በፊት የሱስ ምክር ቢጀምር ዳኛው ፊት ይጠቅመዋል? ስለ መጠጡስ ሳልጨቀጭቀው እንዴት ላንሳበት? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ።