ስሙ ሳይታወቅ ስለተያዘ የሆቴል ክፍል ምክር እፈልጋለሁ
ከእናቴ ጋር ለአራት ሌሊት የምናርፍበትን ክፍል የያዝኩት፣ የሆቴሉ ስም ከክፍያ በኋላ ብቻ በሚገለጽበት የቅናሽ አሠራር ነው። ከመክፈሌ በፊት የታየኝ የኮከብ ደረጃው፣ ሰፈሩ፣ የእንግዶች አማካይ ነጥብና የአገልግሎቶቹ ዝርዝር ብቻ ነበር። ሆቴሎች ስማቸውን የሚሸሽጉት ባዶ የቀሩ ክፍሎችን በርካሽ ሲሸጡ መደበኛ ዋጋቸው እንዳይነካባቸው ስለሆነ፣ አሠራሩን አልነቅፍም።

ችግሬ ስሙ ከተገለጸ በኋላ የደረሰኝ ማረጋገጫ «አንድ ሰፊ አልጋ» የሚል መሆኑ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሌሊት ደጋግማ ትነሳለች፤ በተነሳች ቁጥር ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ተቀምጣ ነው የምትቆመው፤ አንድ አልጋ ላይ ከተኛን ደግሞ እኔን ላለመቀስቀስ ስትል ሕመሟን ችላ ትተኛለች ብዬ እሰጋለሁ። ክፍያው አይመለስም፤ ቀኑም አይለወጥም።

ሁለት አልጋ ያለው ክፍል እንዲሰጡን ሆቴሉን በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል ወይስ በሸጠልኝ ድርጅት በኩል? ጥያቄውስ ከአሁኑ ይቅረብ ወይስ በመግቢያችን ዋዜማ? ወደፊትም እንዳልቸገር፣ የአገልግሎቶቹን ዝርዝርና የእንግዶቹን ነጥብ ስማቸው በግልጽ ከተጻፈ ሆቴሎች ጋር እያስተያየ ሆቴሉን ከመክፈሉ በፊት ለመለየት የቻለ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።