በሦስት ዓይነት ውሃ የሚረባ የቀረሶ ዓሣ፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦ ባለፈው ስብሰባ የጀመርነው ረቂቅ እስካሁን የሚለው «በምንጭ፣ በጉድጓድና በወንዝ ውሃ የሚረባው ቀረሶ ዕድገቱ ስለሚለያይ ምክንያቱ ይጠናል» ብቻ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ማንም ብር አይሰጠንም። ምን እንለካለን? በስንት ኩሬ? ለስንት ወር? እዚሁ እንጨርሰው።

ባለ ምንጭ፦ የእኔ ዓሣ ርዝመት አለው፣ ሥጋ የለውም። ጭንቅላቱ ከአካሉ ይገዝፋል። ውሃዬ ደግሞ ከሥር ያለው ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ኩልል ያለ ነው። እንዴት የጎረቤቴ ድፍርስ ይበልጠኛል?

ባለ ጉድጓድ፦ ጋሼ፣ የሚጎዳዎት ያው ኩልል ማለቱ ነው። ቀረሶ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ደቃቅ ዕፅዋት ይመገባል። ድንጋዩ ከታየ ማዕዱ ባዶ ነው። ነጭ ሳህን በገመድ ሲያወርዱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከዓይን ቢጠፋ ደኅና ነው።

ጸሐፊ፦ «ረጅም ግን ቀጭን» የሚለው በቁጥር ይግባ። ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለክተን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጽፈን እርስ በርሱ እናባዛለን (20 × 20 × 20 = 8,000)፤ ከዚያ የግራሙን ክብደት በ100 አባዝተን ለዚያ እናካፍላለን። 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 160 ግራም የሚመዝን ዓሣ 2 ይወጣለታል፤ በዚያው ርዝመት 120 ግራም ከሆነ 1.5 ነው። ጥሩ አካል ያለው ቀረሶ ወደ 2 ይጠጋል።

የጉማራ ዳር፦ የእኔ ዓሣ ድብልብል ነው፣ ግን በስድስት ወር ከመዳፍ አላለፈም። በዚህ ስሌት 2 ወጣልኝ። ታዲያ የጉማራ ወንዝ ውሃዬ ተመሰገነ ማለት ነው?

ጸሐፊ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ዕድገትና የአካል ይዞታ ሁለት ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ለየብቻ ይመዘገቡ። ያንተ ኩሬ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ዓሦቹ ገና በትንሽነታቸው ተራብተው ቦታው ጠቧቸዋል። ስለዚህ ለሙከራው ወንድ ብቻ እንጨምር። 30 ግራም ገደማ ሲደርሱ ከሆዳቸው በኩል አይቶ መለየት ይቻላል።

ባለ ጉድጓድ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሌላም ምክንያት አለኝ። ሴቷ ዕንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ስለምትይዝ ለሁለት ሳምንት ያህል እህል ውሃ አትልም። አምና ከሳብኝ ብዬ መኖ ቀየርኩ፣ በፋጉሎው ላይ ፉርሽካ ጨመርኩ፣ ገንዘብ ከሰርኩ። ለካ ለቅሜ የመዘንኳቸው እናቶችን ኖሯል።

ባለ ምንጭ፦ ይሁን፣ ወንድ ብቻ። ግን የእኔ ውሃ ሌት ተቀን ይፈሳል፣ የእናንተ የቆመ ነው። ደቃቅ ዕፅዋቱ እንዲበቅሉ ፍግ ብጨምር ይዞት ይሄዳል። ልዩነቱ የውሃው ዓይነት ነው ወይስ መፍሰሱ?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ረቂቁ የጎደለው ይኸው ነበር። የሚፈስ ምንጭ ፀሐይ ሳያሞቀው ያልፋል፤ ቀረሶ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፣ ከ20 በታች ዕድገቱ ይዘገያል። ከሁለቱ ኩሬዎችዎ አንዱን ዘግተው የተነነውን ብቻ ይተኩለት፣ ሌላው እንደ ልማዱ ይፍሰስ። የዘጉት ከበለጠ፣ ጥፋቱ የምንጩ ውሃ ሳይሆን ቅዝቃዜው ወይም የፍጉ መታጠብ ነው ማለት ነው።

ባለ ምንጭ፦ ቦዩን መዝጋት ያስቸግረኛል፤ ከታች ጎመን አለ። እሺ፣ በጎን አዞረዋለሁ።

ባለ ጉድጓድ፦ ለጉድጓድ ውሃ ደግሞ ይህ ይጻፍ፦ ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅን እጅግ ስለሚያንሰው ኩሬ ከመግባቱ በፊት በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ይውረድ። የመጀመሪያ ጫጩቶቼን ያጣሁት የፓምፑን ቱቦ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ነክሬ ነው። የኦክስጅን መለኪያ ከተገኘም ፀሐይ ሳትወጣ ይለካ፤ በጣም የሚያንሰው ያኔ ነው።

የጉማራ ዳር፦ ወሩስ? ከየካቲት እስከ ሰኔ ካላችሁ የእኔን ውሃ በደግ ጊዜው ብቻ ታዩታላችሁ። ጉማራ ሐምሌ ላይ አፈር ተሸክሞ ሲመጣ ሳህኑ በአንድ ጣት ጥልቀት ይጠፋል፤ ያ ግን አረንጓዴ አይደለም፣ ጭቃ ነው።

ጸሐፊ፦ እስከ መስከረም ይሁን፤ ሳህኑን ስናወርድ የውሃውንም ቀለም እንጽፋለን። የተሻሻለው አንቀጽ ይኸውና፦

«በስድስት ኩሬዎች፣ ለእያንዳንዱ የውሃ ዓይነት ሁለት ኩሬ ተመድቦ፣ ከአንድ ቦታ የመጣ ወንድ ቀረሶ በካሬ ሜትር ሁለት ሁለት ይጨመራል። መኖና ፍግ በሁሉም ዘንድ እኩል ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት መኖ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከእያንዳንዱ ኩሬ 30 ዓሣ ተይዞ ርዝመቱና ክብደቱ ይመዘገባል። የውሃው ሙቀት በየቀኑ ንጋትና ከሰዓት በኋላ ይለካል።»

ባለ ጉድጓድ፦ «የሞተ ዓሣ በዕለቱ ይመዘገባል» ይጨመር። ሰው የሞተበትን መደበቅ ይወዳል፤ ከሞተው የተረፈው ደግሞ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ይወፍርና ያሳስተናል።

ጸሐፊ፦ ተጨምሯል። የቀረው ሚዛን ነው፤ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ በየኩሬው ይዞራል።

የጉማራ ዳር፦ የርዝመት መለኪያ ሰሌዳውን እኔ ከጣውላ እሠራለሁ። ሚዛኑ ግን መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ፣ መንገዱ በሰኔ ይዘጋል።