ኡቡንቱን ካደስኩ በኋላ ዋይፋይ ጠፋብኝ፣ ድረሱልኝ

የፒያሳዋ (ደሴ)፦ ሰላም እንዴት አደራችሁ። የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለችኝ። ትናንት ማታ ላፕቶፑ «አዲስ ከርነል (የኡቡንቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለ» ሲለኝ እሺ አልኩት። ዛሬ ስከፍተው የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የለም። ፎርም የሚሞሉ ተማሪዎች በር ላይ ቆመዋል። ምን ላድርግ?

ቦርከና፦ እህቴ፣ ላፕቶፑ ምንድን ነው? ኡቡንቱ ስንት? የዋይፋይ ካርዱስ? ይህ ሳይጻፍ መልስ መጠበቅ በሽተኛውን ቤት ትቶ መድኃኒት መጠየቅ ነው። ሁልጊዜ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። በሥራ ቀን ዋዜማ ከርነል አይነካም።

የፒያሳዋ፦ ዴል፣ 24.04። ካርዱን በምን አውቃለሁ?

ኮምቦልቻ፦ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

የፒያሳዋ፦ ስልኬ በዚያው ራውተር ይሠራል።

የሐይቁ ልጅ፦ ማሻሻያው ላይ አታላክኪ። ካርዱ ተቃጥሎ ነው፤ የእኔም እንደዚሁ ሆኖ ነበር።

ጦሳ፦ አብሽሪ፣ ለማየት ቀላል ነው። ሲነሳ «ኤስኬፕ»ን ነካ ነካ አድርጊ። ግረብ (የማስነሻ ምርጫው ገጽ) ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቢና በ6.8 የሚጀምረውን የቀድሞ ከርነል ምረጪ። ኡቡንቱ የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም። ዋይፋዩ ከመጣ ካርዱ ደህና ነው፤ ተማሪዎቹን አስተናግጂ። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» ብለሽ የካርዱን ስም ላኪልን።

ወልድያ፦ ቡና ይፈላ፣ ዱዓ ይደረግ፤ አቦሉ ሳይወርድ ይመጣል 😀

ኮምቦልቻ፦ ራውተሩን ሞከርሽው?

የፒያሳዋ፦ መጣ! በ6.8 ይሠራል! ካርዱ ብሮድኮም 43142 ይላል። አዲሱ ከርነል 6.11 ነው።

ጦሳ፦ በቃ ታወቀ። የዚህ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ ጋር አብሮ አይመጣም። ከርነል በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ኮምፓይል መደረግ (ለዚያ ከርነል መገንባት) አለበት። ይህን ዲኬኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ይሠራዋል፤ የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች (ለግንባታው የሚያስፈልጉት) ከሌሉ ግን አይችልም። ማታ ሰው ሲቀንስ በ6.11 ግቢ። ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን) አብሪ፤ የእሱ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔት ታገኛለሽ። ከዚያ ቁጥሩ ከ6.11ዱ ጋር ልክ የሚገጥመውን ሄደር ጫኚ፤ ሙሉ ቁጥሩን «ዩኔም» ብለሽ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ «አር» ስትጽፊ ያሳይሻል። ቀጥሎ የብሮድኮሙን ድራይቨር እንደገና ጫኚው።

የሐይቁ ልጅ፦ ያው ካርዱ አርጅቷል ማለት ነው።

ቦርከና፦ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይነሳ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ ሲጭን የይለፍ ቃል አውጪ ይልሻል፤ አትርሺው። ሪስታርት ስታደርጊ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። «ኢንሮል ሞክ» (ቁልፉን መዝግብ) ብለሽ ያንኑ ቃል አስገቢ። እሱን ካለፍሽው ድራይቨሩ ተጭኖም አይነሳም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው።

ወልድያ፦ አሮጌውን ከርነል ምረጪ፣ ይሠራል።

ጦሳ፦ እሱንማ አደረገችው። የፒያሳዋ፣ 6.11 ላይ ዋይፋዩ እስኪመጣ 6.8ን እንዳታጠፊ። ማታ ምን እንዳለሽ ጻፊልን።