«ሬጂስተሩን ቀማሁ» ብዬ አረፍኩት! ስፓኒሽ የምትችሉ እርዱኝ

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ? ሜሪላንድ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ልጆች ናቸው። ማታ ማታ ስፓኒሽ እማራለሁ። ባለፈው አንዷ እረፍት ስትወጣ ሬጂስተሩን (የሒሳብ መቀበያ ማሽኑን) ተረከብኳትና ኩራት ኩራት እያለኝ «ሜ አፖዴሬ ዴ ላ ካሃ» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «አትተኩስ!» አለኝ። መዝገበ ቃላቱ ግን ለእንግሊዝኛው «ቴክ ኦቨር» «አፖዴራርሴ» ነው የሚለው። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

የቤት ሥራም አለብኝ። ፖሊስ መኪናውን፣ ባንክ የባለዕዳውን ቤት፣ ወታደሩ ሥልጣኑን በእንግሊዝኛ «ሲዝ» (ያዘ) አደረገ ይላል። መንግሥት ደግሞ የነዳጅ ኩባንያዎቹን «ቴክ ኦቨር» አደረገ። ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃል?

የማድሪዷ፦
ልጆቹ መሳቃቸው አይገርምም 😄 አፖዴራርሴ ያንተ ያልሆነን ነገር በእጅህ ማስገባት ነው። ለስሜትም ይሆናል፦ «ኤል ፓኒኮ ሴ አፖዴሮ ዴ ላ ሄንቴ»፣ ሕዝቡን ፍርሃት ወረረው። ለሬጂስተሩ «ሜ ኤንካርጎ ዴ ላ ካሃ» በል፣ አለቀ። ለፖሊሱ «ሴ ኢንካውቶ ዴል ኮቼ»።

ጋሽ አስተርጓሚ፦
ልጄ፣ እኔ ፍርድ ቤት ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ለራስህ በአማርኛ ተናገረው። ሬጂስተሩን ምን አደረግህ? ተረከብክ። ወታደሩስ? ሥልጣን ያዘ፤ ስለዚህ «ቶማር ኤል ፖዴር» ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1973 ቺሊ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ኮሎምቢያዎችም እ.ኤ.አ. በ1985 ኤም-19 የሚባለው የሽምቅ ተዋጊ ቡድን የፍትሕ ቤተ መንግሥቱን የያዘበትን ቀን «ላ ቶማ» ይሉታል፤ ጦሩ ሲያስለቅቅ ደግሞ «ላ ሬቶማ»።

የባንኩ በዕዳ ስለሆነ «ኤምባርጋር» ነው፦ «ሌ ኤምባርጋሮን ላ ካሳ»። በእንግሊዝኛ ኢምባርጎ ስንል የንግድ ማዕቀብ ብቻ ነው የሚታየን። በስፓኒሽ ግን በዕዳ ንብረት ማስያዝም ነው። «ሲን ኤምባርጎ» ካየህ ደግሞ አትደንግጥ፣ «ሆኖም» ማለት ነው።

እህታችን ስለ ፖሊሱ ያለችው ልክ ነው፤ ያለ «ሴ» እና ያለ «ዴ»ም ይባላል፣ «ላ ፖሊሲያ ኢንካውቶ ኤል ካሮ»። እናንተ ሰፈር ያሉት «ካሮ» እንጂ «ኮቼ» አይሉም። ኮንትሮባንድ ሲሆን «ዴኮሚሳር»ም ትሰማለህ።

የማታ ተማሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የነዳጁን በእርስዎ ዘዴ ሞከርኩት። «መንግሥት ወረሰ» አልኩና «ኤል ጎቢዬርኖ ኤሬዶ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄዳል?

ጋሽ አስተርጓሚ፦
ኧረ በስማም! «ኤሬዳር» ከሟች አባትህ ቤት ስትወርስ ነው። ኩባንያዎቹ ለመንግሥት ተናዘዙለት እንዴ? እዚህ ላይ አማርኛችንም ጉድ ይሠራል፤ በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተወረሰ እንላለን፣ የአያትንም ቤት ወረስኩ እንላለን። ላንተ የሚሆነው «ኤክስፕሮፒያር» ነው። ሜክሲኮዎች ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1938 በነዳጅ ኩባንያዎቹ ላይ ያደረጉትን «ላ ኤክስፕሮፒያሲዮን ፔትሮሌራ» ነው የሚሉት። በሕግ፣ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ፣ ካሳ ሊከፈልበት የሚወሰድ ነው። ያለ ካሳ ከሆነ «ኮንፊስካር»።

ሾፌሩ፦
ከማድሪድ ስፓኒሽ ተጠንቀቅ ወንድሜ። እዚያ አውቶቡስ መያዝ «ኮሄር» ነው። እኔ ይህን ተምሬ መጥቼ አንዲት የሜክሲኮ ተሳፋሪ ፊት አልኩት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አቅፋ ዝም አለች። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ባለጌ ቃል ነው። «ቶማር» ወይ «አጋራር» በል።

የማድሪዷ፦
ሃሃ፣ እኛ ጋ ግን ቀኑን ሙሉ የሚባል ቃል ነው!

የማታ ተማሪ፦
ዛሬ ልጅቷ እረፍት ስትወጣ «ሜ ኤንካርጎ ዴ ላ ካሃ» አልኳት። ማንም አልሳቀም። ያ እጁን ያነሳው ልጅ ግን አሁንም ስገባ እጁን ያነሳል።