«ቤት አንድ ድምፅ ነው ያለው» የተባለው ነገር

የደንሳዋ፦
በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «ቤት አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ አባወራው ከመረጠ ቤቱ መርጧል፤ ሴቶቹን በሰኔ ጭቃ ምን አንከራተታቸው» ብለው ተናገሩ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው። ሽማግሌው ለሴቶቹ ድካም አዝነው ነው የተናገሩት፤ እሱን አልክድም። ግን ለድካማቸው ካዘኑ ድካሙን ያቅልሉላቸው እንጂ የምርጫ ካርዳቸውን ለምን ይነኩባቸዋል? ድምፅ መስጫው የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የጎጃም ሴት ላም ሥር ናት። ከዚያ ውሃ አለ፣ ከዚያ ምጣድ፣ ከዚያ ልጅ። ሁሉን ጨርሳ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ይዟል። ልጅ አዝላ ቆማ ቆማ፣ 6 ሰዓት ሲሆን የምሳው ነገር ያስጨንቃትና ትመለሳለች። ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። እስኪ ተናገሩበት።

ባለጥማዱ፦
እታለም፣ ሽማግሌውን በአንድ ቃል አትያዣቸው። «ቤት አንድ ድምፅ ነው ያለው» ማለት ማታ እሳት ዳር ተመካክሮ፣ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሶ መነሳት ማለት ነው። በ1997 አባትና ልጅ በፓርቲ ተለያይተው ምርጫው ካለፈም በኋላ የተኳረፉበት ቤት ስንት ነበር! እርሻ ሁለት ልብ አይወድም። ሰኔ ደግሞ ሰኔ ነው። ዳጉሳው ይዘራል፣ የበቆሎው ኩትኳቶ ይደርሳል፣ የጤፉ ማሳ ገና አልለሰለሰም። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰለት አረም ነው የሚታፈስ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ መሬቱ ለማረሻ የሚመች ቀን በሳምንት ሁለት ቢገኝ ነው። ባልም ሚስትም በአንድ ቀን ከቤት ከወጡ ያ ቀን ሄደ።

ከቢቸና፦
«አንድ ድምፅ» የሚለውን በመሬት ደብተር እንየው። በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሯል፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፏል። መሬቱን ላከራይ ያለ ባል ሚስቱ ካልፈረመች ጽሕፈት ቤት ደርሶ ነው የሚመለስ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። ለአንድ ጥማድ መሬት ሁለት ፊርማ ካስፈለገ ለአገር እንዴት አንድ ይበቃል?

ባለጥማዱ፦
ደብተር ንብረት ነው፤ ሲፋቱ የሚካፈሉት ነው። ምርጫ ሐሳብ ነው። ሐሳብ በቤት ውስጥ ተመክሮ አንድ ቢሆን ምን ይጎዳል?

የደንሳዋ፦
ተመክሮ አንድ ቢሆን ምንም አይጎዳም። አንድ የሆነውን ሐሳብ ይዘው ሁለቱም ይሂዱ ነው የምለው። ሽማግሌው ግን «ይመካከሩ» አላሉም፤ «አባወራው ከመረጠ ቤቱ መርጧል» ነው ያሉት። ምክር የሚለውን ያመጣኸው አንተ ነህ።

አያ ዳሞት፦
ልጆቼ፣ የጎጃምን እማወራ እንደ ምስኪን አታድርጓት። የጎተራውን ልክ የምታውቀው እሷ ናት። ለዘር የሚቀረውን፣ ለገበያ የሚወጣውን፣ እስከ መስከረም የሚያደርሰውን መጥና የምትይዘው እሷ ናት። አባወራው እሷን ሳይጠይቅ አንድ ቁና አያወጣም። ሽማግሌው ይህን ክብር ያዩ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ከስድብ ባይቆጠር ደስ ይለኛል።

የደንሳዋ፦
አያ፣ እርስዎን ማክበሬ እንዳለ ነው። ጎተራ የምትመጥን ሴት ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ አያቅታትም ማለትዎ ከሆነ ከእኔ ጋር ነዎት።

የማርቆሱ፦
ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው። የመራጭነት ካርድ በሰው ስም ነው የሚሰጥ እንጂ በቤት አይሰጥም። አባወራው የስድስት ሰው መታወቂያ ሰብስቦ ቢመጣ አይመዘገብለትም፤ እያንዳንዱ በአካል ቀርቦ ይፈርማል ወይም አሻራ ያኖራል። ዕድሜው 18 የሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ይቺ 6 ወር የምትባለው ነገር ደግሞ ሙሽሮችን ነው የምትጥል። በጥር የተዳረች ልጅ ለሰኔ ምርጫ በባሏ አገር 6 ወር አይሞላትም፤ ከፋሲካ በኋላ የተዳረችማ ጭራሽ። የባሏ ቀበሌ በዚያው ምርጫ ክልል ውስጥ ከሆነ ችግር የለም። ከሌላ ከሆነ ግን፣ ከአባቷ ቀበሌ መሸኛ አስወጥታ በባሏ ቀበሌ መታወቂያ ሳታገኝ መካከል ላይ ትቀራለች። ጥሎሽ ሲቆጠር፣ ድንኳን ሲተከል ይህን የሚያስብ ቤተሰብ የለም። ወላጆች ምዝገባው መቼ እንደሚጀመር አይተው መሸኛውን ቀድመው ቢጨርሱ ይድናል።

ምጣዷ፦
ስለ ሙሽሮቹ ያልከው ልክ ነው። በገጠር ደግሞ የሴቷ መታወቂያ እስከ ዛሬ ያልወጣበት ቤት ሞልቷል፤ «ምን ያደርግላታል» እየተባለ።

የማርቆሱ፦
ሌላው የረዳት ነገር ነው። ማየት ለተሳነው ወይም በራሱ ምልክት ማድረግ ለማይችል ሰው ረዳት ይፈቀዳል፤ ረዳቱን የሚመርጠው ግን ራሱ መራጩ ነው። ባል «እሷ ፊደል አልቆጠረችም» ብሎ ተከትሎ ሊገባ ሲል አስፈጻሚው መጠየቅ ያለበት ሴትየዋን ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የምርጫ ምልክቱን አይቶ ይለያል፤ ምልክት የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። በአሻራ የምትመርጥ ከሆነ ጣቷን ቀለም ውስጥ አትንከር፤ ነካ ማድረግ ይበቃል። ቀለሙ ከበዛ ወረቀቱ ሲታጠፍ በሌላው ተወዳዳሪ ቦታ ላይ ይታተምና ቆጣሪው ለማን እንደተሰጠ መለየት ያቅተዋል። ለጥቂት ጊዜ ይዞ አድርቆ ማጠፍ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች፣ አረጋዊ ሰልፍ ሳይጠብቁ እንዲገቡ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ይህን አውቃ ወደ ፊት የምትሄድ እናት ግን ትንሽ ናት፤ «ተራ ተጋፋች» እንዳትባል ታፍራለች።

ባለጥማዱ፦
እኔ ያነሣሁት የሥራውን ነገር ነው፤ እሱን የመለሰልኝ የለም። ሁለቱ ከወጡ ማን ያርሳል?

የዱርቤቴው፦
ሥራውን እኔ ልመልስልህ። በእኛ በኩል በቆሎ በመስመር ሲዘራ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ በሬ ይዞ ትልም ያወጣል፣ አንዱ ማዳበሪያ ይጥላል፣ አንዱ ዘር ይጥላል። በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ በዘሩ መካከል 25 ወይም 30። ዘር ጣይዋ ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። እሷ ከሌለች ባልየው ራሱ እየጣለ ራሱ ሲያርስ ዘሩ ከማዳበሪያው ጋር ይገናኝና ይቃጠላል። ስለዚህ በዘር ቀን አንዳቸውም መቅረት አይችሉም ብትል እቀበልህ ነበር። ግን በሰኔ አጋማሽ በቆሎው በቅሏል፤ የቀረው ኩትኳቶና ዩሪያ ነው። ዩሪያ ጉልበት ሲደርስ ነው የሚጣል፤ በአንድ ቀን ቢዘገይ አይሞትም። ለደቦ ሰው ሲጠራ፣ ለድግስ ቀን ሲቆረጥ እርሻው ቆሞ ያውቃል። ለሴቷ ካርድ ሲሆን ነው አንድ ቀን የማይገኘው።

ባለጥማዱ፦
የእኛን የእነማይን ሰኔ በእናንተ በአቸፈር ሰኔ አትለካ። እኛ ጋ መሬቱ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። ዛሬ ጠጥቶ ነገ ይጣበቃል፤ ከነገ ወዲያ ማረሻ አይገባውም። ያቺን አንዲት ቀን የምታመልጥህ በቀበሌ አዳራሽ በር ቆመህ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ታስታውሳታለህ።

የማርቆሱ፦
በ1997፣ በ2002ና በ2007 ምርጫው እሑድ ነበር፤ በእሑድ ጥማድ አይወጣም፤ የእርሻው ክርክር በእነዚያ ዓመታት ቦታ አልነበረውም። በ2013 ግን ሰኔ 14 ሰኞ ዋለ። እሑዱ ጰራቅሊጦስ ነበር፤ ሰኞው የሐዋርያት ጾም የሚገባበት። ሴቷ በእሑዱ በዓሉን አስተናግዳ፣ በሰኞው የጾም ማዕድ አሰናድታ፣ ካርድ ይዛ መሰለፍ ነበረባት። ሰልፉ ስላላለቀ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ተራዘመ። ለከተማ ሰው ጥሩ ነው። ከቀበሌው ማዕከል አንድ ሰዓት ተኩል ርቃ ለምትኖር እናት ግን በሰኔ ጨለማ፣ ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ ሳታውቅ፣ ያ ተጨማሪ 3 ሰዓት የላትም።

ባለጥማዱ፦
የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው። በገበሬ ቤት ማዕድ አይለወጥም፤ ይህን እንደ ምክንያት አታምጣው።

አያ ዳሞት፦
ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣኸው? ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው፤ የታዘዘው ለካህንም ለምእመንም ነው። ሰው ስለተወው የቄስ ሆነ ማለት አይደለም። በዳሞት የሚጾሙ ገበሬዎች ሞልተዋል፤ ጾመው ያርሳሉ።

ባለጥማዱ፦
አያ፣ ጾሙን አላቃለልሁም። የሚበዛው ሰው የሚያደርገውን ነው የተናገርሁ።

አያ ዳሞት፦
የሚበዛው ሰው የሚያደርገው ሕግ ከሆነ ለሽማግሌውም የተጨበጨበላቸው ለዚያ ነው። እኔ ከዚህ ወዲህ በነገሩ ከደንሳዋ ጋር ነኝ።

ምጣዷ፦
ጾሙን ለካህናቱ ተዉትና ወደ ምጣዱ እንመለስ። ቤት የሚይዛት ምጣዱ ነው። ምርጫው ሰኞ ከዋለ ሊጡ የሚቦካው ረቡዕ ነው። በሰኔ ብርድ ሊጥ በሦስት ቀን በደንብ አይመጣም ለሚል፣ ማድጋውን ከምድጃው አጠገብ ማድረግና እርሾ ጨመር ማድረግ ነው። ቅዳሜ አብሲት ተጥሎ ከሰዓት በኋላ ይጋገራል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ቢታሰብ በቀን 12፣ ለእሑድ፣ ለሰኞና ለማክሰኞ 36 እንጀራ ነው። በሰኔ የሚያሻግተው የቀኑ ብዛት ሳይሆን ላቡ ነው። ትኩሱ በትኩስ ላይ ሲደረደር ያልበዋል፤ ያ ላብ መካከሉን በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ያደርገዋል። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ አውጥቶ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣለት በኋላ መሶብ ውስጥ ማግባት ነው፤ ከሥሩም ደረቅ ጨርቅ ይነጠፋል። ማገዶው ደግሞ በግንቦት ካልገባ በሰኔ ኩበቱ ርሶ ጭሱ ያሳውራል፤ የሦስት ሰዓቱ ጋገራ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ውሃ እሑድ ማታ ሁለት ጀሪካን ተርፎ ይደር። ሽሮ እስካለ ወጡን የ14 ዓመት ልጅም ይሠራዋል፤ ወንድም ሴትም። ይህ ከተደረገ ሰኞ ጠዋት ምጣድ የሚባል ነገር የለባትም።

የደንሳዋ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ግን ይህን ሁሉ ያሰናዳችው አሁንም እሷው ናት። የቅዳሜው ጋገራ የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ነው። ማገዶውን የሚፈልጥ፣ ውሃውን በአህያ የሚያመጣ ወንድ ከሌለ ካርዱ ቅዳሜ ቀን በወገቧ ተከፈለ ማለት ነው።

የዱርቤቴው፦
ውሃና ማገዶ የወንድ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይከራከርሽም።

የደንሳዋ፦
እዚህ ላይ አይከራከረኝም፤ ቤት ሲደርስ ነው የሚከራከረኝ። ቢያንስ ባለጥማዱ ይመልስልኝ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሷ ቀድማ ሄዳ፣ እሱ ከብቱንና ልጆቹን ይዞ ቢቆይ፣ 3 ሰዓት ስትመለስ እሱ ቢሄድ ምን ይቀራል? ጤዛው ሳይረግፍ ማንም አይጠምድም።

ባለጥማዱ፦
ላሚቱ ትቀራለች። አላልብም ብዬ እንዳይመስልሽ። የሴት እጅ የለመደች ላም ለወንድ ወተቷን ትይዛለች። ጥጃውን ብታስጠጊላትም እግሯን ታነሣለች፣ ማለቢያውን ትደፋለች። ሳይታለብ እስከ 4 ሰዓት ከዋለ ጡቷ ይወጠራል፤ ሁለት ጊዜ እንዲያ ከሆነ ያብጣል።

ምጣዷ፦
ላም ትለምዳለች። መጀመሪያ እሷ ስታልብ እሱ አጠገቧ ይቁም፣ የላሚቱን ጀርባ ይሻሽ። በሦስተኛው ቀን ጥጃውን እሱ ይፍታ፤ ጥጃው ጠብቶ ወተቱ ሲወርድ ሁለቱን ጡት እሱ፣ ሁለቱን እሷ። የእሷን አሮጌ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል ያድርግ፤ ላሚቱ ሽታውን ነው የምታውቀው። ጥፍሩን ይቁረጥ፣ እጁን በሞቀ ውሃ ይታጠብ፤ የሞፈር እጅ ሻካራ ስለሆነ ቅቤ ነካ ያድርግበት። በሁለት ሳምንት ብቻውን ያልባል።

ባለጥማዱ፦
በግንቦት መጨረሻ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ላም ሥር የሚቆም ገበሬ የለም። በሬ የሚቀለበው በዚያው ሰዓት ነው።

የደንሳዋ፦
እንግዲያስ በሚያዝያ ይጀምር።