የካቴተር ሽፋኔ «ለባለሙያ ግልጽ ነው» ተባለ፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ከብርዱ ይልቅ ያንቀጠቀጠኝ የፓተንት መርማሪው ደብዳቤ ነው። ያቀረብኩት በደም ሥር ለሚገባ ካቴተር (ቀጭን የሕክምና ቱቦ) የሚሆን ድርብ ሽፋን ነው፤ የውስጠኛው ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ይይዛል፣ የላይኛው ስስ ፖሊመር መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገየዋል። መርማሪው በክሎርሄክሲዲንና በሲልቨር ሰልፋዳያዚን፣ በሚኖሳይክሊንና በሪፋምፒን (ሁሉም ጀርም ገዳይ መድኃኒቶች ናቸው) የተለበጡ ነባር ካቴተሮችን ጠቅሶ «መደረቡ ለባለሙያ ግልጽ ነው» አለኝ፤ የዘርፉ ሰው በቀላሉ ስለሚደርስበት ፈጠራ አይባልም ማለቱ ነው። መድኃኒቱ አዲስ ነው መቼ አልኩ! አዲሱ አለቃቀቁ ነው፤ በጨው ውኃ ስነክረው ነጠላው ሽፋን መድኃኒቱን በ2 ቀን ለቅቆ ጨረሰ፣ ድርቡ 14 ቀን ቆየ። ጥፋቴ፣ ይህን በመግለጫው እንጂ ጥበቃ በጠየቅኩባቸው ነጥቦች ውስጥ አላሰፈርኩትም። አሁን ወደዚያ ባዛውረው አዲስ ነገር እንደ መጨመር ይቆጠርብኛል? ወይስ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ወደ አነስተኛ ፈጠራ (ከፓተንት ዝቅ ያለ መስፈርት ያለው ጥበቃ) ልቀይረው? በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ የመልሱን አጻጻፍ አሳዩኝ።